በጸሎት ሰዓት ባዶ የቀረው ክፍል

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ሲስተር አጁሉ መጀመሪያ ያዩት የትምህርት ማስረጃዬን ሳይሆን ጫማዬን ነው። ከመቲ በጭነት መኪና ጋቢና ተሳፍሬ ነበር ጋምቤላ የገባሁት። ሻንጣዬ ውስጥ አንድ ነጭ ጋውንና የአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን የጻፈልኝ የድጋፍ ደብዳቤ አለ። ጫማው ለምረቃዬ የተገዛ፣ ስራመድ ቋ ቋ የሚል ነው። «ይሄ ጫማ ይጮኻል፤ በሽተኛ ይቀሰቅሳል» አሉኝ። «ነገ ሌላ አድርግ።»

«አድርግ» ያሉት እኔን፣ ሴቷን ነው። ሲስተር አጁሉ የጎግ ልጅ ናቸው፤ አፋቸውን የፈቱት በአኝዋክኛ ነው። አማርኛን ካደጉ በኋላ ስለለመዱት ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ይሉ ነበር። ቄሱም አንተ፣ አራሷም አንተ። እኔ የደገኛ ልጅ የመጀመሪያ ቀን በሆዴ ሳቅሁ። በሳምንቱ ሳቄ ቀረ፤ እሳቸው በሦስት ቋንቋ በሽተኛ ሲያጽናኑ እኔ በአንዱም አላውቅበትም ነበር።

ክሊኒካችን ከባሮ ወንዝ ብዙ ሳይርቅ፣ በማንጎ ዛፎች መሀል ያለ የቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው። የተመላላሽ ክፍል፣ ላቦራቶሪ፣ ማዋለጃና ስድስት አልጋ ያለው የእናቶች ክፍል ነበረው። ሲስተር አጁሉ ማትሮን ናቸው። ማትሮን የነርሶች ሁሉ አለቃ ናት፤ ተረኛ ትመድባለች፣ የመድኃኒት ቁም ሣጥኑን ቁልፍ ትይዛለች፣ ሰው ሲያጠፋ ትቆጣለች። ከእሳቸው በላይ አስተዳዳሪው ቄስ ኦኬሎ ብቻ ነበሩ።

መርፌ እስክነካ አንድ ሳምንት ሙሉ ፈጀብኝ። የመጀመሪያ ሥራዬ ከሮቶው ውኃ መቅዳት፣ አንሶላ ማንጠፍና ሰላምታ መማር ነበር። ኑዌሮቹን «ማሌ» እያልኩ አልጋ ለአልጋ ስዞር አንዲት አሮጊት በሳቅ ብዛት ሳል አነቃቸው። ሲስተር አጁሉ ሳሉን ሰምተው መጡና፣ የሚስቅ በሽተኛ ጥሩ በሽተኛ ነው፣ ቀጥል አሉኝ።

አንድ ጥብቅ ደንብ ነበራቸው። በእሳቸው ክፍል ማንም ነርስ ለበሽተኛ ክፉ ወሬ ቆሞ አይናገርም። በየአልጋው ሥር በርጩማ አለ፤ ትስቢና ተቀምጠሽ፣ ዓይን ዓይኑን እያየሽ ትናገሪያለሽ። ከዲማ ወርቅ ቁፋሮ ወባ ጥሏቸው የሚመጡ ጎረምሶች እንኳ፣ ጫማቸውን ሳያወልቁ አልጋ ላይ ወድቀው ሲሳደቡ የቆዩት፣ ሲስተር አጁሉ በርጩማ ሲስቡ ጸጥ ይሉ ነበር።

አሁን ጡረታ ወጥቼ ስቀመጥ የሚናፍቀኝ ይህ ሁሉ ነው። መብራት ሲጠፋ የጄኔሬተሩ ገመድ አልሳብ ብሎ የሚያስለቅሰን፣ በመጋቢት ሙቀት የግፊት መለኪያው ጨርቅ ክንድ ላይ የሚጣበቀው፣ ፍየል ሰተት ብላ ገብታ የአራስ ዳቦ ይዛ የምትሮጠው። ያኔ ያበሳጨኝ የነበረ ነገር ሁሉ ዛሬ ደግ ሆኖ ይታየኛል። ከአንድ ጠዋት በስተቀር።

ስለዚያ ጠዋት ከማውራቴ በፊት ስለ ጸሎታችን መናገር አለብኝ።

በየቀኑ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከበሮ ይመታል። የሌሊቱ ተረኛም፣ የቀኑ ተረኛም፣ ጽዳቷም፣ ዘበኛውም ግቢው ጥግ ወዳለው አዳራሽ እንገባለን። ስልካችንን በሩ ላይ ያለ ቅርጫት ውስጥ እንጥላለን። በአኝዋክኛ፣ በኑዌርኛና በአማርኛ ይዘመራል፣ ቃል ይነበባል፣ ይጸለያል። ሁለት ሰዓት ላይ ወጥተን ርክክብ እናደርጋለን፤ የሌሊቷ ነርስ ለቀኗ ነርስ በሽተኞቹን አንድ በአንድ ታስረክባለች። የቀረ ሰው ስሙ በደብተር ላይ በቀይ ይጻፋል። በወር ሦስት ጊዜ የቀረ ቄስ ኦኬሎ ቢሮ ይጠራል።

ቄስ ኦኬሎ ክፉ ሰው አልነበሩም። ክሊኒኩ ጣሪያ ሳይኖረው፣ አባታቸው ማንጎው ሥር ሰው ሰብስበው ሲጸልዩ ነበር የተጀመረው። ስለዚህ «ክሊኒኩን የወለደው ጸሎቱ ነው» ይሉ ነበር። እኔም ጸሎቱን እወደው ነበር። ሌሊቱን ሙሉ በእግሬ ቆሜ አድሬ እዚያ አግዳሚ ላይ ስቀመጥ፣ የኑዌር ሴቶቹ ድምፃቸውን ሲያነሡ ድካሜ ከላዬ ይወርድ ነበር።

በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ በሽተኞቹ ጋ ማን አለ? እዚያ በሠራሁት አሥር ዓመት ሙሉ ይህን የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። እግዚአብሔር ይጠብቃቸዋል እንል ነበር። እሱም ብዙ ጊዜ ጠበቀልን።

ያን ጠዋት የሌሊት ተረኛ እኔ ነበርኩ። ዘይነብ የምትባል ወጣት አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ሴት ልጅ ወለደች፤ የመጀመሪያዋ ናት። ባሏ ሰዒድ ገበያ መሀል ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጥ የወሎ ሰው ነው። እኔና እሱ በመጋረጃ ጨርቅ ዋጋ ስንከራከር የቆየን ደንበኛሞች ነን። ዘይነብ ጋምቤላ ውስጥ እናትም እህትም ስለሌላት አስታማሚዋ እሱ ነበር። ልጁን ካየ በኋላ አጥሚት ሊያመጣላት ወደ ቤቱ ሮጠ።

የአራስ ክትትል ደንቡ ግልጽ ነው። ከወለደች በኋላ ለሁለት ሰዓት ያህል በየአሥራ አምስት ደቂቃው ሆዷን ትዳስሻለሽ፤ ማሕፀኑ እንደ ጡጫ ጠንክሮ መገኘት አለበት። የሚፈሳትን ደም ታያለሽ፣ ግፊቷን ትለኪያለሽ፣ ሽንቷን መሽናቷን ትጠይቂያለሽ። አራት ጊዜ አየኋት፤ ደህና ነበረች። ሽንቷን ግን አልሸናችም። አልመጣልኝም አለችኝ። የሞላ ፊኛ ማሕፀንን ገፍቶ እንደሚያላላው ተማሪ ሳለሁ ጀምሮ አውቃለሁ።

ከበሮው ተመታ። በዚያ ወር ሁለት ቀን ቀርቼ ስሜ ሁለቴ በቀይ ተጽፏል። ከጸሎት ስመለስ አስነሥቼ አሸናታለሁ ብዬ ቻርቷን ዘጋሁና ወጣሁ። አዲስ ተቀጣሪ ብሆን ኖሮ አላወቅሁም እል ነበር። አሥር ዓመት የሠራሁ ነርስ ነኝ፤ አውቅ ነበር።

ገና ስንገባ ዝናብ ጀመረ። የጋምቤላ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰዎችም አይሰማሙም። እኛም ከዝናቡ ጋር እየተፎካከርን በጩኸት ዘመርን። በዕለቱ ጸሎቱ ከወትሮው ረዘም አለ።

በዚያ መሀል የሆነውን ሰዒድ ነው ኋላ የነገረኝ። ፔርሙሱን ይዞ ሲመለስ ዘይነብ ፊቷ ገርጥቶ፣ አንሶላው ርሶ አገኛት። በየክፍሉ ሰው ፈለገ፤ የለም። ዘበኛውን ፈለገ፤ የለም። ድምፅ ወደሚሰማበት አዳራሽ በዝናብ ሮጦ መጣ። በመስኮት ሲያየን ሁላችንም ተንበርክከናል። ጫማውን አውልቆ በረንዳው ላይ ቆመ። የሰው ሃይማኖት ነው፤ ሰው ከፈጣሪው ጋር ሲነጋገር አይቋረጥም ብሎ ነው። አሁን ያበቃሉ፣ አሁን ያበቃሉ እያለ ቆየ።

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የወጣሁት እኔ ነኝ። የሰዒድ ካልሲ በስብሷል።

«ሲስተር፣ ጸሎታችሁ ካለቀ ባለቤቴን ብታዪልኝ። ደም እየፈሰሳት ነው» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሮጥኩ። ደሙ ፍራሹን አልፎ ወለሉ ላይ ደርሷል። ማሕፀኗ እንደ ሊጥ ላልቷል፣ ፊኛዋ ሞልቶ ወደ ጎን ገፍቶታል። ሽንቷን የሚያወጣ ካቴተር አስገባሁ። የቀኗ ተረኛ ደም ሥሯ ላይ ሁለት ካኑላ ተከለችና ማሕፀን የሚያጠነክረውን ኦክሲቶሲን ከፈሳሹ ጋር አስገባችላት። ሲስተር አጁሉ ረጅሙን ጓንት አጠለቁ፤ አንድ እጃቸውን በውስጥ፣ አንዱን በሆዷ ላይ አድርገው ማሕፀኑን መሀል ላይ ጨመቁት። ደሙ ቀነሰ፣ ግን አልቆመም። ደም የሚሰጥበትና ቀዶ ሕክምና ያለበት ሆስፒታል መሄድ ነበረባት።

ሾፌራችን ጋትሉዋክ ላንድክሩዘሩን በር ድረስ አስጠጋ። ሲስተር አጁሉ ከኋላ ተንበርክከው፣ እጃቸውን ሳያላቅቁ ሄዱ። መንገዱ ጭቃና ጉድጓድ ነው። ያኔ ስልሳ ሊሞላቸው ጥቂት ነበር የቀራቸው። እኔ ሕፃኗን አቅፌ ከጎናቸው ተቀምጬ ነበር፤ አንድ ጊዜም ቀና ብለው አላዩኝም።

ሆስፒታል ስንደርስ ጋትሉዋክና እኔ ደም ሰጠን። ከዚያ ወዲያ ሰዒድ ጋትሉዋክን «አማቼ» ይለው ነበር፤ የሚስቴ ሥጋ ዘመድ ሆነሃል ለማለት ነው። ዘይነብ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገባች። ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ወጥቶ ነገረን። ዘይነብ ተርፋለች፤ ደሙን ለማቆም ግን ማሕፀኗን ማውጣት ግድ ሆኗል። ሁለተኛ አትወልድም።

በአራተኛው ቀን የክሊኒኩ ቦርድ ተሰበሰበ፤ እኔም ተጠራሁ። ቄስ ኦኬሎ የዚያን ጠዋት ሪፖርት አንብበው ነበር የመጡት። «ድንገተኛ የደም መፍሰስ» ብለን እንዝጋው አሉ፤ ውሸት አይደለም፣ እንዲህ ያለ ነገር በድንገት ይመጣል። አንድ ሽማግሌ እኔ ከተባረርኩ ነገሩ ያልቃል አሉ። ሌላው ለቤተሰቡ ምንም ባይነገር ይሻላል፣ የቤተ ክርስቲያን ስም ይጠፋል አሉ።

እኔ ምን እንደተመኘሁ ልናገር። ዝም እንዲባል ተመኘሁ። እንጀራዬም እንዲቆይልኝ፣ ሰዒድም ሳያውቅ እንዲቀር። እንደዚያ በማሰቤ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ሲስተር አጁሉ ተነሡ። «ሙሉነሽ አጥፍቷል። አራስ ጥሎ ሄዷል» አሉ ወደ እኔ እያመለከቱ። «ግን ማን ጠራው? ደብተር የያዝኩ እኔ ነኝ። ስሙን በቀይ የጻፍኩ እኔ ነኝ። እሱን ካባረራችሁ እኔን አብራችሁ አባርሩ።»

ቄስ ኦኬሎ፣ ታዲያ ለእግዚአብሔር ግማሽ ሰዓት በዛበት ወይ ብለው ጠየቁ። ተቆጥተው አልነበረም፤ ከልባቸው ተጎድተው ነው።

«ቄስ፣ እግዚአብሔር ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ይችላል» አሉ ሲስተር አጁሉ። «ደም አይችልም።»

ቄስ ኦኬሎ መነጽራቸውን አውልቀው ረጅም ጊዜ ወለወሉ። ሲስተር አጁሉ ቀጥለው እሳቸውና እኔ ሄደን ለሰዒድ እውነቱን እንደምንነግረው ተናገሩ። ፈቃድ አልጠየቁም። ቄሱም አልከለከሉም።

መንገድ ላይ ሲስተር አጁሉ፣ አንተ ትናገራለህ፣ እኔ አጠገብህ እሆናለሁ አሉኝ። ሱቁ በር ስንደርስ ሰዒድ ብርድ ልብስ እያጠፈ ነበር። ዓይኑ ቀልቷል። ደንበኛ እንደገባበት ሰው ብድግ ብሎ ወንበር አቀረበልን። እኔ አፌን ሳልከፍት እሱ ቀደመኝ።

«ሲስተር፣ እኔ ነኝ ለዚህ ያበቃኋት» አለኝ። «በር ላይ ቆሜ... አንድ ጊዜ ባንኳኳ ምን ነበረበት? ሰው ይቀየመኛል ብዬ ሚስቴን አስጎዳኋት።»

አራት ቀን ሙሉ እኛ ስለ ስማችን ስንመካከር ይህ ሰው ጥፋታችንን ተሸክሞ ከርሟል። ተቀመጥኩና ዓይኑን እያየሁ ሁሉንም ነገርኩት። በየአሥራ አምስት ደቂቃው ማየት እንደነበረብኝ፣ ሽንቷን እንዳልሸናች እያወቅሁ እንደወጣሁ፣ ስሜ በቀይ እንዳይጻፍ ብዬ እንደሄድኩ። ክፍሉ ውስጥ ሰው ቢኖር ኖሮ እሱ የማንንም በር ማንኳኳት ባላስፈለገው ነበር አልኩት። ሲስተር አጁሉም ደንቡ የእሳቸው እንደነበረ ነገሩት።

ብርድ ልብሱን አስቀምጦ ወደ ጓዳ ገባ። ብዙ ቆየ። ሲመለስ ፊቱን ታጥቧል።

«ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም» አለ። «ዛሬ ተናድጄ እተኛለሁ። ይቅርታውን ግን አሁን አትጠይቁኝ።»

አልጠየቅነውም። ስንወጣ ሲስተር አጁሉ እጄን ያዙኝ። እስከ ክሊኒኩ በር ድረስ አለቀቁኝም፤ እኔም እንደ ልጅ እያለቀስኩ ተከተልኳቸው።

ለዘይነብ ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ ቤቷ ሄጄ ለብቻዋ ነገርኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ልጇን ለአርባ አምስት ቀን ክትባት ይዛ ስትመጣ፣ እኔ ሚዛኑ ጋ ቆሜ እያየችኝ ለሌላ ነርስ ሰጠቻት። በሁለተኛውም እንዲሁ። በሦስተኛው ክትባት ለእኔ አቀበለችኝ። ሕፃኗን ሚዛን ላይ አስቀምጬ ቁጥሩን ሁለቴ አነበብኩት። ሳላፍር የማወራው የሕይወቴ ትልቁ ሹመት ያ ነው፤ ኋላ ማትሮን መሆኔ ከዚያ በታች ነው።

ከቦርዱ ስብሰባ ሁለት ሳምንት ያህል በኋላ አንድ ጠዋት ቄስ ኦኬሎ ከጋራዥ አሮጌ የመኪና ቸርኬና አንድ ብረት ይዘው መጡ። በእናቶች ክፍል በረንዳ ላይ በገዛ እጃቸው እንደ ደወል ሰቀሉት። ከሥሩ በሦስቱም ቋንቋ «ጸሎት ላይ ብንሆንም ደውሉ» ብለው አስጻፉ። ርክክቡ ከጸሎት በፊት ሆነ። ተረኞቹ በክፍላቸው ቀሩ፤ ከአዳራሹ የተመለሱት ሲተኳቸው በተራቸው ማንጎው ሥር ተሰብስበው ይጸልያሉ። የአዳራሹ በር ክፍት ሆነ፣ የስልኩ ቅርጫት ተነሣ። ቀዩን ብዕርና ደብተሩን ሲስተር አጁሉ ለሒሳብ ሠራተኛዋ ሰጧት።

ሁሉም ደስ አላለውም። አንዳንድ ምእመናን እግዚአብሔርን ከበር መለስነው ብለው አኮረፉ። ቸርኬው ለመጀመሪያ ጊዜ የተደወለው ደግሞ ቄስ ኦኬሎ ራሳቸው እየጸለዩ ሳለ ነው። ተንጋግተን ሮጥን። የደወሉት ምራታቸውን ሊጠይቁ ከኢታንግ የመጡ አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ ይሠራ እንደሆነ ልየው ብዬ ነው አሉን። ተረኛዋ ነርስ ሳቋን መያዝ አቅቷት ግድግዳ ተደግፋ ነበር። ሲስተር አጁሉ ሽማግሌውን አመስግነው ምራታቸውን መረመሩላቸው።

ሲስተር አጁሉ ጡረታ ሲወጡ የመድኃኒት ቁም ሣጥኑን ቁልፍ ለእኔ አስረከቡኝ። ምክር እጠብቅ ነበር፤ ማጠፊያው ዝጓል፣ ዘይት ቀባው ብለውኝ ወደ ጎግ ሄዱ።

ማትሮን ከሆንኩ በኋላ ብዙ አጥፍቻለሁ። አንድ ጊዜ አንዲት ወጣት ነርስ ለከባድ ወባ በሽተኛ ሁለተኛውን መርፌ ሰዓቱን አሳልፋ ሰጠችው። ቢሮዬ ጠርቼ ልቆጣት ስነሣ፣ በዚያ ሰዓት የት እንደነበረች ጠየቅኋት። እኔ በጠራሁት ስብሰባ ላይ ነበረች። ለእንግዳ አቀባበል ጉዳይ ነበር የሰበሰብኳት፣ ሊጎበኙን ለሚመጡ ሰዎች ማን አበባ ይያዝ በሚል። ቁጣዬን ዋጥኩት። አብረን ወደ በሽተኛው ሄደን፣ በርጩማ ስበን፣ መርፌው ለምን እንደዘገየ ሁለታችንም ነገርነው። ሰውየው ደህና ነበር፤ ስለነገራችሁኝ አመሰግናለሁ ብሎ ተኛ። ልጅቷ ከእኔ ይልቅ ተገርማ ነበር።

ነርስ ለሆናችሁና የነርስ አለቃ ለምትሆኑ የምለው ይህን ብቻ ነው። ተረኛ ነርስ በሽተኛዋን ለብቻዋ ጥላ አትወጣም፤ ለጸሎትም ቢሆን። ወጥታ ጉዳት ከደረሰ ደግሞ እውነቱን ለቤተሰቡ ትናገራለች፤ የጠራቻት አለቃም አብራት ትሄዳለች። እነሱ ዝም ካሉ ጥፋታቸውን የሚሸከመው በር ላይ ቆሞ የጠበቀው ሰው ነው።